የብሎኬት እሳት ማንደጃዬ፦ ከኅዳር እስከ መስከረም

ጎንደር ሲመሽ ይበርዳል። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ፀሐይ እንደገባች ደግሞ የቀኑ ሙቀት ድራሹ ይጠፋል። ግቢ ወጥቶ መጫወት የሚወድ ሰው ወይ ጋቢ ይደርባል፣ ወይ እሳት ያነዳል። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ። ብረታ ብረት ቤት ገብቼ የእሳት ማንደጃ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ ግን የተጠራልኝ ዋጋ ራሱ አሞቀኝ። ስለዚህ በብሎኬት ሠራሁት። ኅዳር ላይ ተደርድሮ በጋውንም ክረምቱንም አሳልፏል። አሁን መስከረም ነውና አፌን ሞልቼ ስለ እሱ መናገር እችላለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብሎኬቱ ባለ 20 የሚባለው ነው፤ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱም ቁመቱም 20። በየጎኑ ሁለት ሁለት ይቀመጣል፤ የአንዱን ጎን መጨረሻ የሚቀጥለው ጎን እየዘጋው ይዞራል። አንድ ረድፍ 8 ብሎኬት ይወስዳል። ውጭው 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ውስጡ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሁለተኛው ረድፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ዞሮ ይደረደራል፤ ያኔ የላዩ መገጣጠሚያ ከታቹ ጋር ስለማይገናኝ አይንገዳገድም። በጠቅላላ 16 ብሎኬት ነው። ጥጉ ትንሽ የተሸረፈ ስለመረጥኩ ማምረቻው ቀነሰልኝ። ሲሚንቶ የለም፣ የግንበኛ ክፍያ የለም። መሬቱን አንድ ስንዝር ቆፍሬ ጠጠር አለበስኩት፤ በውኃ ልክ አስተካክዬ በደረቁ ደረደርኩት።

አንድ ዘዴ ግን አለችው። ከታችኛው ረድፍ በየጎኑ አንዱን ብሎኬት በጎኑ አጋድሜዋለሁ። ቀዳዳው ወደ ላይ መሆኑ ቀርቶ ከውጭ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ስፋቱና ቁመቱ እኩል ስለሆነ ልኩ አይበላሽም። ነፋስ የሚገባው በዚያ ነው። እነዚህን ቀዳዳዎች በድንጋይ ስትደፍኗቸው እሳቱ ወዲያው ያኮርፋል፣ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ስትከፍቷቸው ደግሞ ይንቦገቦጋል። እኔ አሁን እሳቱን የምቆጣጠረው በድንጋዮቹ ነው።

ሆኖም ዕቃውን ዕቃ ያደረገው ብሎኬቱ ሳይሆን ቸርኬው ነው። ከጋራዥ የከባድ መኪና አሮጌ ቸርኬ ገዛሁ፤ ባለ 20 ኢንች፣ ማለትም 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከንፈሩ ሲታከል ትንሽ ይሰፋል። እሱን በሦስት ጉልቻ ላይ አስቀምጬ በብሎኬቱ መሀል ከተትኩት። ዙሪያውን ሁለት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ተረፈ። እሳቱ የሚነደው ቸርኬው ውስጥ ነው። አየር በታች ገብቶ በቸርኬው ቀዳዳዎች ይወጣል፤ አመዱ በዚያው ይረግፋል። ቀለም ስለነበረው መጀመሪያ ምንም ሳይጠበስበት ለብቻው በደንብ ነደደ። ያ ሽታ የሚረሳ አይደለም።

ቸርኬ ለምን አስፈለገ? ብሎኬት እሳት አይወድም። ደረቅ ቢመስልም ውስጡ እርጥበት አለ፤ ሲግል እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ፊቱን ልጦ ይወጣል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ ሲሚንቶው ራሱ ጠጥቶት የነበረውን ውኃ ይለቃል፤ ከ400 ዲግሪ ሲያልፍ ጥንካሬው ይከዳዋል። የማገዶ ፍም ከዚህ በላይ ነው የሚግለው። በዚያ ላይ የውስጡ ፊት ሲለበለብ የውጩ ቀዝቃዛ ነው፤ አንዱ ሲለጠጥ ሌላው አልለጠጥም ይላል፣ በመሀል ይሰነጠቃል። አዲስ የተመረተ ብሎኬት ከሆነማ ይብስበታል። ገና ውኃ ሲጠጣ የከረመውን አትግዙ።

ከአጥራችን ማዶ ጡረታ የወጡ ግንበኛ አሉ። መጥተው አዩትና ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ፋሲል በድንጋይ በሠራው ከተማ ብሎኬት ትደረድራለህ?»

«ጋሼ፣ ድንጋዩን እርስዎ ይጠርቡልኛል?» አልኳቸው።

«ጉልበቴን አታየውም?» ብለው ተዉት።

ነገራቸው ግን እውነት አለው። የደረቀ ጥቁር ድንጋይ ከብሎኬት ይልቅ እሳት ይችላል። ችግሩ ጠራቢ ይፈልጋል፣ ጠራቢ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ከሆነ አደጋ አለው፤ የመጠጠው ውኃ ሲፈላ ሊፈነዳና ፍንጣሪው ሰው ሊመታ ይችላል።

ጥምቀት ሰሞን ዋናው ፈተና መጣ። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ እንግዳ ሞላን። ከፋሲለደስ መዋኛ መልስ ማታ ማታ ሁሉም እሳቱን ከበበ፤ ማገዶውም ያለ ልክ ተማገደ። ነበልባሉ ከቸርኬው አልፎ የላይኛውን ረድፍ ላሰው። በነጋታው አየሁት፤ የብሎኬቱ የውስጥ ጠርዝ ግራጫነቱ ጠፍቶ ቀላ ብሏል። ኮንክሪት 300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስበት እንዲህ ይቀላል። አንዱ ብሎኬት ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ምን አደረግኩ? አነሳሁና አዙሬ መለስኩት፣ የተለበለበው ፊት ወደ ውጭ ሆነ። አለቀ። ይህ የደረቅ ድርድር ትልቁ ጥቅም ነው። ሌላ ጎረቤት የእኔን አይቶ የራሱን በሲሚንቶ ገነባው፣ ያውም ያለ ቸርኬ። ሲያዩት የእሱ ያምራል። ፋሲካ ሳይደርስ ግን ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ አንዱን ብቻ አውጥቶ መቀየርም አልተቻለም።

ማገዶን በተመለከተ ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። በደንብ ካልደረቀ ጭሱ እንግዳ ያባርራል። ፍልጡን በጋ ላይ ገዝቶ ቆርቆሮ ሥር መከመር ነው የሚያዋጣው። ወይራ የተገኘ ቀን ፍሙ ይቆያል፤ ሽታውም ጀበና ከጎኑ እንድታስጠጉ ይጋብዛል። በጾም ድንች አመድ ውስጥ ቀብረን እንበላለን። የፍስክ ጥብስ ላዩ ላይ ሽቦ ዘርግቶ ይሆናል፣ ግን እሳቱ ወደ ፍም እስኪወርድ መታገሥ ያስፈልጋል። ከሁሉም የተሳካለት ግን ከነሐሴ ጀምሮ የበቆሎ እሸት ነው።

ክረምቱ እንደፈራሁት አልሆነም። አሮጌ የበርሜል ክዳን ቸርኬው ላይ ልክ ገጠመ። ጠጠሩ ውኃውን ያሳልፋል። ቸርኬው ዝጓል፣ ግን ገና ወፍራም ነው። ብሎኬቱ ውኃ ጠጥቶ ስለሚከርም ከዝናብ በኋላ መጀመሪያ በጭራሮ ትንሽ እሳት አሙቁት እንጂ በአንዴ አትማግዱበት።

የሚያናድዱኝ ነገሮችም አሉ። ብሎኬቱ ሻካራ ነው፤ የጋቢ ዘርፍ ይይዛል። እናቴ ከተቀመጠች በኋላ ስትነሳ ሁልጊዜ አንድ ክር ትታ ነው የምትሄደው። የላይኛው ረድፍ ቀዳዳ ደግሞ ወደ ላይ ክፍት ስለሆነ ልጆች የበቆሎ ቆረቆንዳ ይጠቀጥቁበታል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንኩበት፤ የብርጭቆ ማስቀመጫም ወጣው። መልኩም ቢሆን፣ እውነቱን እንናገር፣ ያልተጨረሰ ቤት ይመስላል።

ቦታ ስትመርጡ ከአጥር፣ ከጭድ ክምርና ከሸራ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወለል ላይ አትሥሩት፣ ወለሉ ይላጣል። ቸርኬ አጣሁ ብላችሁ የቤት ክዳን ቆርቆሮ አጥፋችሁ እንዳትከቱበት፤ ላዩ ዚንክ የተቀባ ነው፣ ሲግል ጭሱ ያሳምማል። ስትጨርሱ በጋለው ብሎኬት ላይ ውኃ አትድፉ፣ ይሰነጥቀዋል፤ ፍሙን በአመድና በአፈር አዳፍኑት። የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት እናሙቅበት ብሎ ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። የፍም ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ይገድላል።

እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ በጥርብ ድንጋይ ያሠራ። እንደ እኔ ተከራይ የሆነ ግን ይሄ አሪፍ ነው። አከራዬ ቤቱን እፈልገዋለሁ ብለውኛል፤ ለጥቅምት ጋሪ ተነጋግሬያለሁ፣ 16ቱም ብሎኬት ከነቸርኬው አብሮኝ ይሄዳል።