አሮጌ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በተማሪ አቅም፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ዛሬ ተማሪ ሊገዛት የሚችለው ግን ጎሚኒዋ (በእግሮቿ መጋጠሚያዎች ውስጥ ያለው ላስቲክ) የደረቀ፣ ዘይት የምታንጠባጥብ፣ ቦዲዋም ዝገት የጀመረው ሆና ነው። እኔም የያዝኩት እንዲህ ያለችውን፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ያላትን ሲሆን፣ በትምህርት ወራት እየነዳሁ፣ በዕረፍት ወራት እየጠገንኩ ከቆየሁ በኋላ የደረስኩበትን ፍርድ እዚህ አቀርባለሁ። ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ከማናቸውም ማሻሻያ የሚበልጠው መኪናዋን ከፋብሪካ ስትወጣ ወደነበራት ብቃት መመለስ ነው፤ የፈረስ ጉልበት መጨመር ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

ይህን የምለው መኪናዋ የተሠራችበትን ዓላማ በማየት ነው። ሞተሯ 1,597 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ ከ120 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም፤ በቀጥታ መንገድ ላይ የዛሬ ተራ የቤተሰብ መኪና እንኳ ሊቀድማት ይችላል። ክብደቷ ግን ከአንድ ሺህ ኪሎ ግራም በታች ነው፤ የኋላ ጎማዎቿ ይነዷታል፤ አራቱም እግሮቿ ከላይና ከታች በሁለት ክንዶች የተያዙ ናቸው፤ ካምቢዮዋንና ዲፈረንሻሏንም (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል) ረጅም የአሉሚኒየም አካል ስለሚያገናኛቸው ነዳጅ ሲሰጣት ያለ መወላወል ትታዘዛለች። ደስታዋ ያለው በመሪው፣ በማርሽ መቀያየሪያውና በመታጠፊያ ላይ በምታሳየው ሚዛን ነው፤ እነዚህን ደግሞ የሚያበላሻቸው የሞተር ድካም ሳይሆን የጎማና የጎሚኒ እርጅና ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለጎማ አዋልኩ። አብረዋት የመጡት ጎማዎች ጥርሳቸው ገና ያልተበላ ቢሆንም፣ በጎናቸው ላይ የተጻፉት አራት አሃዞች፣ ማለትም የተመረቱበት ሳምንትና ዓመት፣ ላስቲኩ ከረጅም ጊዜ በፊት እንደደረቀ ይናገሩ ነበር። የፋብሪካው የጎማ ልክ 185/60 ባለ 14 ኢንች ነው፤ ትንሽ በመሆኑም ጥሩ የሚባል ጎማ እንኳ ለትልልቅ ቸርኬዎች ከሚሠራው በብዙ ይረክሳል። ባለ 16 ወይም ባለ 17 ቸርኬ ለመግጠም የሚያስቡ ሰዎችን እረዳለሁ፤ ነገር ግን በዚህች ቀላል መኪና ላይ ክብደት መጨመርና ጉዞውን ማሻከር ሆኖ ስለሚታየኝ አልመክርም። አዲሶቹ ጎማዎች ከተገጠሙ በኋላ በእርጥብ መንገድ ላይ የታየው ለውጥ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል።

ቀጥሎ የመጣው ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን ዝቅተኛው መመዘኛ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱን በሙሉ መቀየር፣ የካሊፐሮቹን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑትን ክፍሎች) ተንሸራታች ፒኖች አጽድቶ ግሪስ መቀባትና አዲስ የፍሬን ሸራ መግጠም አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ፔዳሉም ጠንካራና የሚታመን ሆኗል። የባለ 1.6 ሊትሯ የፊት ዲስክ ስፋት 235 ሚሊ ሜትር፣ በኋላ የመጣችው የባለ 1.8 ሊትሯ ደግሞ 255 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙዎች ትልቁን ይገጥማሉ፤ መኪናዋን በመወዳደሪያ ሜዳ ላይ ለማይነዳ ተማሪ ግን የመጀመሪያው ፍሬን በደንብ ከተያዘ በቂ ነው።

ከሁሉም በላይ ያደከመኝ፣ በዚያው ልክ የካሰኝም፣ የእግር ጎሚኒዎቹ ሥራ ነው። ክፍሎቹ ርካሽ ናቸው፤ የጉልበት ዋጋው ግን ከባድ ስለሆነ ተማሪ ራሱ ካልሠራው አቅሙን ያልፋል። የታችኞቹን ክንዶች የሚይዙት ብሎኖች አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበል) የሚስተካከልባቸው ወጣ ገባ ቅርጽ ያላቸው ናቸው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም በጎሚኒው ውስጥ ካለው የብረት ቱቦ ጋር በዝገት ይጣበቃሉ። ለቀናት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እያጠጡ መቆየት፣ ከዚያም በኃይል ሳይሆን በትዕግሥት ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ማውጣት ያስፈልጋል። አዲሱን ጎሚኒ ከገጠሙ በኋላ ብሎኖቹን የመጨረሻ ጥብቀት የሚሰጧቸው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ክብደቷን ስትሸከም ነው፤ በአየር ላይ ተንጠልጥላ ከተጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚህ ሥራ በኋላ አላይመንት ማሠራት ግዴታ ነው፤ ብሎኖቹ ካልተላቀቁ ደግሞ አላይመንት የሚሠራው ባለሙያም ምንም ሊያደርግ አይችልም። (በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከማናቸውም መሣሪያ በፊት ይገዛ።)

ሞተሩ ከጠበቅሁት በላይ ታማኝ ነው። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ በኩል የሚንጠባጠበው ዘይት ብዙ ጊዜ የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የኋላ ፓራኦሊ፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት፣ ተበላሽቷል፣ ካምቢዮ መውረድ አለበት የሚል ፍርድ ያሰጣል፤ በእኔ መኪና ላይ ግን ምንጩ የካም ሴንሰሩ ትንሽ የጎማ ቀለበት ብቻ ነበረች። የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከኮሎው ጋር የሚያስተባብረው ታይሚንግ ቤልት በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀየር ሲሆን፣ የውሃ ፓምፑን አብሮ መቀየር ድርብ ልፋትን ያስቀራል። ይህ ሞተር ቤልቱ ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን የማይጋጩበት ዓይነት መሆኑ ለባለ አነስተኛ ገንዘብ ትልቅ እፎይታ ነው። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ከጥቁርነት ወደ ቡናማነት ከተለወጠ ሳይሰነጠቅ መቀየር ይገባል።

ለጉልበት ያደረግሁት ብቸኛው ነገር ወጪ የሌለበት ነው፤ የካንዴላውን የእሳት ጊዜ በፋብሪካው ከተወሰነው 10 ዲግሪ ወደ 14 ዲግሪ በታይሚንግ መብራት እያየሁ አስቀደምሁት፤ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ላይ መኪናዋ ፈጠን ብላለች፤ በምትኩ ግን ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ነዳጅ ትፈልጋለች። ድምፅ ብቻ የሚያጎላ ማርሚታ አልገዛሁም።

የምታሳስበኝ በቦዲዋ በኩል ነው። የጨርቅ ጣሪያው ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ስላሉ ቅጠልና አፈር ሲዘጋቸው ውሃው ከበሮቹ ሥር ወዳለው ባዶ ክፍል ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ባትሪዋም በኋላ ሻንጣ ውስጥ ስለሆነ ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የታሸገ ባትሪ ያስፈልጋታል፤ ተራ ባትሪ ከተቀመጠ አሲዱ ወለሉን ይበላል።

ለመግዛት የሚያስብ ተማሪ ሌላ መጓጓዣ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ፤ ክፍል ታዝዞ እስኪመጣ መኪናዋ ተፈትታ የምትቆይባቸው ሳምንታት ይኖራሉና። እ.ኤ.አ. በ2016 የኤምኤክስ-5 ምርት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስለደረሰ ክፍል ማግኘቱ ራሱ እምብዛም አይከብድም። ሲመለከቷት ከበሮቹ ሥር በስተኋላ ያለውን ብረት በጣት ይጫኑ፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 አጋማሽ በፊት የተሠራች ከሆነች ደግሞ ኮፈኑን ከፍተው የኮሎውን ፑሊ (በጫፉ ላይ ያለውን ቤልት የሚያዞር መዘውር) ይዩ። አራት ክፍተት ያለው ከሆነ የኮሎው አፍንጫ (ፑሊው የሚታሰርበት ጫፍ) አጭሩ ዓይነት ነው፤ ብሎኑ ከላላ ኮሎውን ራሱን ይጎዳል። ሞተሩ እየሠራ ፑሊው ሲወላገድ ካዩ ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ ይተዋት።