ለደሴ ልጅ የቱ ይሻላል፦ ባለ ክር ፒያኖ ወይስ ዲጂታል?

ጎረቤቴ «ልጄ ክላሲካል ፒያኖ ካልተማርኩ እያለች ነው፣ የቱን ልግዛላት?» ብለው ያዙኝ።

ዋጋ፦ ዲጂታሉ ይረክሳል። ርካሽ ግን አይደለም።

ማጓጓዝ፦ ባለ ክሩ፣ ትንሹ እንኳ፣ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲደርስ የደሴ ዳገት ይጠብቀዋል። ዲጂታሉን ሁለት ጎረምሶች ያነሱታል።

ቅኝት፦ ባለ ክሩ ከ200 በላይ ክሮች አሉት፤ በዓመት ሁለቴ ቢቃኝ ይመከራል። ደሴ ውስጥ እኔ የማውቀው ቃኚ የለም። ዲጂታሉ ቅኝት አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ዝም ነው።

ጣት፦ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። ባለ ክሩ ላይ ቁልፉን ስትጫን መዶሻ ክር ይመታል፤ ጣት ክብደቱን ይለምዳል። ውድድርም ኮንሰርትም የሚካሄደው በዚያ ነው። ዲጂታል ከሆነ 88 ቁልፍ ያለው፣ ቁልፉም ከበድ የሚል ይሁን። ሱቅ የሚደረደረው ባለ 61 ኪቦርድ ለሠርግ ይበቃል፤ የክላሲካል ፒያኖ ሙዚቃ ደራሲው የሾፓን ኖታ ላይ ግን ቁልፍ ያልቅባታል።

ረፍዶባታል ብለው አይስጉ። ታዋቂው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ነበር የሚጫወተው። ፒያኖ የጀመረው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተማረ።

የኪራይ ቤት ከሆነ፣ ግድግዳውም ስስ ከሆነ፣ ዲጂታልና ማዳመጫ። የራስ ቤት ካለ፣ ልጅቷም ለያሬድ መግቢያ ፈተና ከቆረጠች፣ ባለ ክሩ። መጀመሪያ ግን የበሩን ስፋት ይለኩ።