የሻይ ፋብሪካ የራሱን መኪና ይግዛ ወይስ ጭነቱን ለትራንስፖርት ድርጅት ይስጥ?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ሰው ወዲያው የናፍጣና የጎማ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። እኔ ግን መጀመሪያ የምትጭኑት እርጥብ ቅጠል ነው ወይስ ያለቀለት ሻይ የሚለውን እጠይቃለሁ። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

እርጥቡን ቅጠል ለሌላ አትስጡ። ከተለቀመ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ መግባት አለበት። ታጭቆ ከቆየ ይሞቃል፣ መልኩ ቀይ ይሆናል፣ ጥራቱም ያኔውኑ ይወርዳል። ደግሞ 1 ኪሎ ደረቅ ሻይ የሚወጣው ከ4 ኪሎ በላይ ቅጠል ስለሆነ ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ ሩቅ መሄድ አያዋጣም፤ የሻይ እርሻዎቹ ውሽውሽና ጉማሮ ላይም ፋብሪካው እርሻው ዘንድ ነው። መንገዱ አጭር፣ ምልልሱ ብዙ ነው። እዚህ ላይ የራስ ትራክተርና የራስ ሹፌር ይሻላል።

ከፋብሪካ የወጣው ሻይ ግን ሌላ ነው። ለውሽውሽ ቅርብ ከሆነችው ከቦንጋ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የራሳችሁ መኪና ሻዩን አራግፎ ወይ ባዶውን ይመለሳል ወይ ማዳበሪያ ጭኖ ይመጣል፣ ማዳበሪያ ከጫነ ደግሞ ሽታው ለቀጣዩ ሻይ ይተርፋል። የትራንስፖርት ድርጅት ወደ ጅማና ቦንጋ ሸቀጥ አድርሶ በመልሱ ሻይ ስለሚጭን ዋጋ ለመቀነስ አቅም አለው። ቅጠሉ የሚበዛው ዝናብ ሲኖር ነው፤ በበጋ የራስ መኪና ቆሞም የሹፌር ደመወዝና ኢንሹራንስ ይበላል። ሻይ ቀላል ስለሆነ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል፣ ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ በኩንታል ነው ወይስ በሙሉ መኪና የሚለውን ለዩ።

የኪራይ መኪና ትልቁ ጣጣ ትናንት ምን እንደጫነ አለማወቃችሁ ነው። የደረቀ ሻይ የሚቀረው እርጥበት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ እርጥበትም ሽታም ይስባል። ሳሙና፣ በርበሬ ወይም ናፍጣ የነካው ሳጥን ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ በቃ። ስለዚህ ውሉ ላይ እነዚህን በግልጽ አስጽፉ፦ ሳይጫን በፊት መኪናውን እናያለን፣ ከሌላ ዕቃ ጋር አይደባለቅም፣ ሸራው የተቀደደ መኪና አይላክም፣ ሳንፈቅድ ጭነቱ በደላላ ለሌላ መኪና አይተላለፍም፣ ከረጠበ ድርጅቱ ይከፍላል። በዚህ የማይስማማ ድርጅት ዋጋው ቢረክስም ይቅርባችሁ።

ወደ ውጭ ለሚላከው ብዙም አላወላውልም። ኮንቴነር ማስያዝ፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ መከታተል፣ ይህ ሁሉ በዓመት ጥቂት ኮንቴነር ለሚልክ ፋብሪካ የራሱን ክፍል አቋቁሞ የሚሠራው አይደለም። ለትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክና የወደብ ጉዳይ ለሚያስፈጽም ወኪል ስጡት። ግን ቢያንስ አንድ ሰነድ የሚያነብና ስልክ የሚደውል የራሳችሁ ሰው ይኑር፣ አለበለዚያ ኮንቴነሩ ወደቡ ላይ ሲቆይ የምትሰሙት ክፍያው ከተቆለለ በኋላ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የረጅም ዓመት ውል አትፈርሙ። አንድ ክረምት ሞክሩት፤ መንገዱ ሲጨቀይና ምርቱ ሲከመር መኪና በቀኑ የሚልከው የትኛው እንደሆነ ያኔ ይለያል።