ሆሊ 4777፦ ለ1960ዎቹ ቪ8 ሞተር ባለ አራት አፍ ካርቡሬተር

እ.ኤ.አ. የ1969ኙን ሸቭሮሌት ካማሮ ዜድ/28 ኮፈን ከፍቶ የአየር ማጣሪያውን ያነሳ ሰው ሆሊን ያገኛል፤ ሆሊ አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ካርቡሬተር የሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ዘሩ ከዚያም ይቀድማል፤ 4150 የሚባለው ሞዴል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 በፎርድ ተንደርበርድ ላይ ነው። ዛሬም አዲሱ የሚሸጠው 4777 የዚያው ቤት ልጅ ነው፦ በደቂቃ 650 ኪዩቢክ ጫማ አየር ያሳልፋል፣ ሁለት የቤንዚን መርጫ ፓምፕ አለው፣ የኋላ አፎቹም በቫኪዩም፣ ማለትም በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል ሳይሆን፣ በእግር ነው የሚከፈቱት። ያንን ዘመን የሚወድ ሰው የሚናፍቀው ይህንኑ ነው፤ ሞተርን በካቻቢቴና በጆሮ ማስተካከል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሲገዛ ነው። ትልቅ ይሻላል ብሎ ባለ 850 ኪዩቢክ ጫማውን ይወስድና መኪናው ሲነሳ ይታፈንበታል፤ አፉ ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቤንዚኑም በደንብ አይበተንም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የሞተሩን ኪዩቢክ ኢንች በከፍተኛው ዙር አባዝቶ ለ3456 ማካፈል። 350 ኪዩቢክ ኢንች ሸቭሮሌት በ6,000 ዙር በደቂቃ 608 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ይፈልጋል፤ ያውም ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ቢሞላ።

ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ የሚስተካከለው የቤንዚኑ ከፍታ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ በቤንዚን መያዣው ጎን ያለችው መመልከቻ ቡሎን ትፈታለች። ሥሯ ጨርቅ ይያዝ፤ ታች ያለው ብረት ግሏል። ቤንዚኑ የቀዳዳዋን የታች ከንፈር ማርጠብ አለበት እንጂ መፍሰስ የለበትም። ከፈሰሰ ከላይ ያለውን መቆለፊያ ቪቴ አላልቶ ዳዶውን በ5/8 ኢንች መፍቻ ወደ ቀኝ በጥቂቱ ማዞር፤ ካነሰ ወደ ግራ። ቪቴው ሲጠብቅ ዳዶው በመፍቻ ካልተያዘ አብሮ ይዞርና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ይህም ሆኖ ካጥለቀለቀ የፓምፑ ግፊት ይታይ፤ ከ7 ፒኤስአይ ካለፈ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ አይችለውም።

የሚኒሞ ቪቴዎቹን በቀስታ ዘግቶ 1½ ዙር መክፈት ጥሩ መነሻ ነው። ሁሉም ተዘግተው ሞተሩ ካልጠፋ፣ ወይ በፔዳሉ የሚከፈተው የአየር መዝጊያ ከመጠን በላይ ተከፍቷል፣ ወይ ፓወር ቫልቩ፣ ማለትም ሞተሩ ሲጫን ቤንዚን የሚጨምረው ቫልቭ፣ ተቀድዷል። የቫልቩ ቁጥር የሚመረጠው በሚኒሞ የሚነበበውን ቫኪዩም ለሁለት በማካፈል ነው፦ 13 ኢንች ሜርኩሪ ከሆነ 6.5፣ ኃይለኛ ካምሻፍት ገብቶ 9 ከሆነ 4.5። እ.ኤ.አ. ከ1992 በፊት በተሠሩት አሮጌ ሆሊዎች አንድ የእሳት መመለስ ቫልቩን ለመቅደድ ይበቃ ነበር፤ አዲሶቹ የሚከላከል ኳስ አላቸው።

ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ አንዴ ሞት ብሎ ከተነሳ ቤንዚን አንሶታል፤ የመርጫውን ቀዳዳ ከ28 ወደ 31 ማሳደግ። ጥቁር ጭስ ተፍቶ ከተነሳ ደግሞ መቀነስ። ከዚያ በፊት ግን እስከ ጥግ ተረግጦ በፓምፑ ክንድና በማንሻው መካከል 0.015 ኢንች ክፍተት መኖሩ ይረጋገጥ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ከባድና አውቶማቲክ ካምቢዮ ላለው መኪና ይህን አንመክርም፤ የኋላ አፉ በቫኪዩም የሚከፈተው ይሻለዋል። በእጅ ማርሽ ለሚወዳደር ቀላል መኪና ግን ይህን የሚያህል አናውቅም። ጀት፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚለካው ባለ ቀዳዳ ቡሎን፣ ሲቀየር በአንድ ጊዜ 2 ቁጥር ብቻ፤ ማሻሻሉ የሚታወቀውም በሩብ ማይሉ፣ ማለትም በ402 ሜትሩ መጨረሻ ላይ በተመዘገበው ፍጥነት ነው። መነሻው ላይ ጎማ ከተንሸራተተ ሰዓቱ ያታልላል።