ፍሪአይፒኤ፣ ሳምባ ወይስ ዊንዶውስ ሰርቨር? ለሊኑክስ ቢሮ የሚያዋጣው

«ሠራተኛው የትኛውም ኮምፒውተር ላይ በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ እንዲገባ ምን ልግዛ?» ጓደኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ፍሪአይፒኤ፣ ሳምባና ዊንዶውስ ሰርቨር ሦስቱም ሰርቨር (ሌሎቹን የሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር) ላይ ተጭነው ይህን የሚያስችሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። ኮምፒውተሮቹ ሊኑክስ ከሆኑ ምንም አትግዙ፤ ፍሪአይፒኤ ጫኑ።

ከዋጋው ልጀምር። የዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ ይፋ ዋጋ 1,069 ዶላር ነበር፤ ያውም ለ16 ኮር (የፕሮሰሰር ክፍል)። በየተጠቃሚው ወይም በየኮምፒውተሩ የሚከፈለው ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ደግሞ ለብቻው ነው። ዶላሩስ ከየት ይመጣል? ፍሪአይፒኤና ሳምባ በነጻ ናቸው። ለትንሽ ቢሮ 4 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ኮምፒውተር ፍሪአይፒኤን ይሸከማል።

«ርካሽ ዊንዶውስ ሰርቨር አለኝ» የሚላችሁን ተጠንቀቁ። አንድ የማውቀው ቢሮ «ኦርጅናል ነው» ተብሎ የተጫነለት የ180 ቀን የሙከራ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። ቀኑ ሲያልፍ ሰርቨሩ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋ ጀመር። ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ያ ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፍሪአይፒኤን የምወደው በክላየንቱ ነው፤ ማለትም በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ክፍል። አንድ ትእዛዝ ትሰጡታላችሁ። ሰርቨሩን ከዲኤንኤስ (የኮምፒውተር ስምን ወደ አድራሻ ከሚተረጉመው አገልግሎት) ፈልጎ ያገኛል፣ ከርበሮሱንም (የገቢውን ማንነት የሚያረጋግጠውን ሥርዓት) ኤስኤስኤስዲውንም (ኮምፒውተሩን ከሰርቨሩ የተጠቃሚ መረጃ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ራሱ ያስተካክላል። ሆም ፎልደር (የሠራተኛው የግል ፋይል ማስቀመጫ) እንዲፈጥር እዚያው ላይ ትጨምሩለታላችሁ። የሊኑክስ ኮምፒውተርን ከሳምባ ጋር በሪልምዲ (የማገናኛ ፕሮግራም) ማገናኘት ይቻላል፤ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ግን ሆም ፎልደሩን ለብቻ ካላበራችሁት ሠራተኛው ገብቶ ማረፊያ ያጣል።

መብራት ሲጠፋና ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ከዚህ ቀደም በዚያ ኮምፒውተር የገባ ሰው በተቀመጠለት መረጃ መግባት ይችላል። ችግሩ ሰዓት ነው። የማዘርቦርድ ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር ሲነሳ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ከርበሮስ አያስገባም። ሰው ፓስወርድ ሲቀያይር ይውላል፤ መድኃኒቱ ግን ትንሿ ባትሪና ክሮኒ (ሰዓት የሚያስተካክል ፕሮግራም) ናቸው።

የፍሪአይፒኤ ድክመት ሰርተፊኬቱ (ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፋይል) ነው። የውስጥ ሰርተፊኬቶቹ በ2 ዓመት ያልቃሉ፤ ራሱ ያድሳቸዋል፣ ግን በእድሳቱ ሰሞን ሰርቨሩ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከቆየ አገልግሎቱ አልነሳ ይላል። መጠገኛ ትእዛዝ አለው፤ ቢሆንም ባክአፕ ያዙ።

ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከበዙባችሁ ሳምባን ምረጡ። ፍሪአይፒኤ ለእነሱ አልተሠራም።

የትኛውንም ብትጭኑ የዶሜይኑ (ኮምፒውተሮቹ የሚታቀፉበት የቢሮው ኔትወርክ) ስም በ«ሎካል» (.local) አይጨረስ። ኡቡንቱ በሌላ መንገድ ይፈልገውና ሰርቨሩን አጣሁት ይላችኋል። ፍሪአይፒኤ ላይ ደግሞ ስም መቀየር ማለት ከዜሮ መጫን ነው።