ባሽ ስክሪፕት ወይስ አንሲብል?

ቱሉ ዲምቱ አንድ መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ሰርቨሮች አሉን፤ ሁሉም የሚሠሩት በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። የኔትወርክ ቅንብራቸውን ለመቀየር መጀመሪያ የሞከርኩት ባሽ ስክሪፕት (ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበት ፋይል) ነበር። የምታውቀውን ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ በምታዝበት መንገድ) ትልካለህ፣ አለቀ። ለሁለት ሦስት ማሽን ዛሬም እሱን እመርጣለሁ።

ጣጣው ሁለተኛ ጊዜ ስታስኬደው ነው። የእኔ ስክሪፕት ፋይሉ መጨረሻ ላይ መስመር የሚጨምር ነበር። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። እንደገና ሳስኬደው አራቱ ሰርቨሮች ላይ ያው መስመር ሁለት ሁለቴ ተጻፈ።

አንሲብል ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተካክል መሣሪያ ነው፤ እሱ ላይ የምትጽፈው ትእዛዝ ሳይሆን የምትፈልገውን ውጤት ነው። ፋይሉ ቀድሞ ትክክል ከሆነ አይነካውም። ሰርቨሮቹ ላይ ኤስኤስኤችና ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) ካሉ ይበቃዋል። በ«ቼክ» እና «ዲፍ» ምርጫዎቹ ደግሞ ምን እንደሚቀየር አስቀድሞ ያሳይሃል። የሚጻፍበት ቅርጽ፣ ያሚል፣ ግን ያናድዳል፤ አንዲት ክፍት ቦታ ከጎደለች አበቃ።

ጌትዌይ (ሰርቨሩ ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚወጣበትን አድራሻ) ከተሳሳትክ ሁለቱም አያድኑህም። እኔ አንድ አሃዝ ተሳስቼ ሰርቨሩ ከእጄ ወጣ፤ በዝናብ መገናኛ ታክሲ ተሰልፌ፣ ኪቦርድ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። በእጅ ስትሠራ የኡቡንቱ የኔትወርክ ቅንብር መሞከሪያ ትእዛዝ «ኔትፕላን ትራይ» በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጥክ ወደ ቀድሞው ይመልስልሃል። አንሲብል ላይ «ሲሪያል»ን (በአንድ ዙር ስንት ሰርቨር እንደሚነካ የሚወስነውን) 1 አድርገው፤ አንዱ ከጠፋ ስምንቱ ይተርፋሉ። ዘጠኙም ቢጠፉ ኖሮ እዚያው ባደርኩ ነበር።