መንጋጋ ጥርሷን ሞርዶ ከጨረሰ በኋላ ዋጋ ጨመረባት

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ጥርስ ክሊኒክ የምትሄዱ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

እናቴ የታች መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ እንቅልፍ ካጣች ሰነባብታለች። ከአዘዞ አምጥቼ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ የግል ክሊኒክ አስገባኋት። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ በሩ ላይ የሚስቅ ሰው ፖስተር፣ ውስጥ ሶፋና ቴሌቪዥን፣ «ዋጋችን ተመጣጣኝ ነው» የምትል ልጅ። ነርቩ ታክሞ፣ ተሞልቶ፣ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ገብቶለት 9,000 ብር አሉን። ግማሹን ከፈልን።

ነርቩን ጨርሰናል ብለው ዛሬ ለክራውኑ ቀጠሩን። ሐኪሙ ማደንዘዣ ወጋትና ጥርሷን መሞረድ ጀመረ። ክራውን እንዲገባ ጥርሱ ዙሪያውን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከላይ ደግሞ ከዚያ በለጥ ብሎ ይሞረዳል። የተሞረደ ጥርስ አይበቅልም፤ ይህን እነሱ ከማንም በላይ ያውቁታል። ጥርሷ ጉቶ መስሎ ሲቀር ማሽኑን አቆመ፣ ጓንቱን አወለቀና ወደ እኔ ዞረ።

«የተነገራችሁ የብረቱ ክራውን ዋጋ ነው። ለሷ የሚሆነው ዚርኮኒያ፣ ነጩ የሴራሚክ ዓይነት ነው፣ 16,000 ይመጣል።»

«ታዲያ ሳትሞርደው ለምን አልነገርከንም?»

«አሁን ነገርኩሽ አይደል?»

«በተስማማነው ሥራልን፣ የብረቱን» አልኩት። «እሱን መሥራት አቁመናል» አለኝ፣ ዓይኔን እንኳ ሳያይ።

እናቴ ልትናገር ሞከረች። ግማሽ ከንፈሯ ደንዝዞ ቃሉ አልወጣ አላት፤ የተጉመጠመጠችው ውኃ ከነደሙ በአገጯ ወርዶ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። ረዳቷ ሶፍት እንኳ አላቀበለቻትም። ስልኳን እየነካካች «እማማ፣ ወንበሩን ይልቀቁልን፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» አለቻት። አፏ ደም እንደሞላ! ብሩን ሠርቼ እተካዋለሁ፤ ይህን ግን እስክሞት አልረሳላቸውም። እናቴ በእጇ «ተይው» ትለኛለች። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደግሞ «ካልተስማማችሁ ሌላ ቦታ መሄድ መብታችሁ ነው» አለችን። ጥርስ ሞርደው ከጨረሱ በኋላ የምን መብት ነው? ለዚህ ነው እኮ አስቀድመው የሚሞርዱት!

ጭማሪውን አልከፈልኩም፤ እናቴን ደግፌ አወጣኋት።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ከሁሉ በፊት ራጅ አስነሳት። እነዚያ አንድም ቀን ራጅ አላነሷትም። በደንብ የተሞላ የነርቭ መስመር ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከእሷ ጥርስ መስመሮች አንዱ ብቻ፣ እሱም እስከ ግማሹ ተሞልቷል፤ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። የተበላውም ክፍል በወጉ አልተጠረገም። በዚያ ላይ ክራውን ቢደፋበት ኖሮ ከላይ እያማረ ከሥር መግል ይይዝ ነበር። አሁን በጊዜያዊ ሙሊት ተደፍኗል፤ ነርቩ እንደ አዲስ ይሠራል። ቆሎ የምትወድ ሴት ምሳዋን ሾርባ በአንድ ጎን ጠጣች።

ማደንዘዣ ከመወጋታችሁ በፊት የክራውኑን ዓይነትና ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ ከነማኅተሙ ተቀበሉ። ነርቩ አልቋል ሲሏችሁ ራጁን አሳዩን በሉ።

ደረሰኙና ራጁ እጄ ላይ ናቸው፤ ነገ ጠዋት ጤና መምሪያ ይዣቸው እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንግባ።